ጋሼን የዋሸሁበት ጎል

የጋሼ አርባ ትናንት ወጣ። ስለ ደግነታቸው ሌሎች ብዙ ተናገሩ። እኔ፣ ያሳደጉኝ ታናሽ ወንድማቸው፣ የምጽፈው ስለ ኳስ ነው።

የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደው በኋላም ዓለም ገና ከተማ ካለው ኳስ ማሳያ ቤት አልቀሩም። ያንን ስመ ጥር ፖርቱጋላዊ ተጫዋች ገና ጢም ሳያበቅል ጀምረው ይወዱታል፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ እንኳ «ልጁ» ነበር የሚሉት። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው፣ «ልጁ ምን አደረገ?» ይሉኛል። እኔም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ልጁ እያረጀ ሲመጣ ግን ያላየሁትንም መንገር ጀመርኩ።

በዓለም ዋንጫው ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጎል ገብቶ ቤቱ ሲጮህ ጋሼ፣ «ልጁ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ተነሥተው አጨበጨቡ።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። «ያገባው እሱን የተካው ልጅ ነው። የአንቱ ሰውዬ እንደ አንቱ ጡረታ ወጥቷል።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

ጋሼ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትዋሸኝ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲያ ኳስ ቤት አልሄዱም። ዝናቡ አባርቷል ብላቸው እንኳ እጃቸውን በበሩ አውጥተው ሳያረጋግጡ አያምኑኝም ነበር።

ሊያርፉ ሰሞን ልጁ ጎል አገባ። ደስ ብሎኝ አልጋቸው አጠገብ ሄጄ ነገርኳቸው። «ተው እንግዲህ፣ አሁንስ ይብቃህ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ቀን እውነቴን ነበር። አሁን ለማን ልማል?