የማግኔቱ መቶ ከመቶ

ባሌን ሰው የሚያውቀው «ማግኔቱ» በሚል ቅጽል ነው። ለሳሙና ፋብሪካው ቡድን አሥራ ስድስት ዓመት በረኛ ሆኖ ተጫውቷል፤ ፋብሪካውም የቀጠረው ለእጁ ብሎ እንጂ ለሳሙናው አይደለም። «አመመኝ» የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። አንዴ ጣቱ ተሰብሮ እንኳ እንዴት ነህ ላሉት ሁሉ ተመስገን፣ ደህና ነኝ ሲል ነው የሰነበተው።

አምና የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ተሠራለት። ሐኪሙ ለሁለታችንም አልደበቀንም፤ ሳይድን ሜዳ ገብቶ ዳግመኛ ከተበጠሰ ያለ ምርኩዝ አይሄድም አለን። ያን ቀን የገባብኝ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም። ደረጃው ላይ ኮቴውን በሰማሁ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ ልደግፈው እወጣለሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ወረቀት ትሰጠዋለች። ደረጃ ሲወርዱ፣ ሲንበረከኩ፣ ሲዘሉ ምን ያህል ይቸገራሉ ይላል፤ መልሱ ተደምሮ ከመቶ ይወጣል። የኔ ጉድ ደግሞ ፈተና መስሎታል! «ምንም አልቸገርም» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ምልክት ያደርግበትና አጠገቡ የተቀመጠውን ታካሚ ስንት አመጣህ ብሎ ይጠይቃል። ደረጃ የሚወርደው እኮ መደገፊያውን ጨብጦ የኋሊት ነው። የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት መቶ ከመቶ አመጣ። ባለሙያዋም የጡንቻው ልኬትም አይከፋም፣ አንተ ካልተቸገርክ ለቅዳሜው ጨዋታ መሰለፍ ትችላለህ ብላ ፈቃዱን ልትፈርም እስክሪብቶ አነሳች። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ብናገር ባሌን በሰው ፊት ማሳጣቴ ነው፤ ዝም ብል እግሩ። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሚስት አብራ ስትደብቅ ምን እንደሚባል እንጃ።

«እህቴ፣ አትፈርሚ» አልኩ። «የሞላው ውሸት ነው።»

ይጮህብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ባለሙያዋ የእኔን ቃል መጻፍ እንደማትችል፣ ወረቀቱ የታካሚው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝና ከመሳቢያዋ ሌላ ቅጽ አወጣች። ተጫዋች ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት የሚሞላው ነው አለች። አንዱን ጥያቄ ቀስ ብላ አነበበችለት፤ ጉልበትህ እንደገና ይጎዳል ብለህ ምን ያህል ትፈራለህ፣ ከዜሮ እስከ አሥር?

እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ።

«አንቺ ጻፊው፣ እኔ እጄ እምቢ አለኝ» አለ። «አሥር በይ።»

አሥር ጻፍኩ። ባለሙያዋ ፈቃዱን ሳትፈርም ወደ መሳቢያዋ መለሰችው። ስንወጣ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመና ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ቡድኑ ካልፈለገኝ ፋብሪካው ምን ብሎ ያቆየኛል አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።