ያልሸፈንኩት የቡና አልጋ

ይህን እስከ ዛሬ ለእናቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ይመስለኛል። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ እሠራ ነበር። የታጠበው ቡና እንዲደርቅ በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ይሰጣል፤ እኛ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመን የተበላሸውን ፍሬ እንለቅማለን። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ አልጋው በሸራ መሸፈን አለበት። አለዚያ የፍሬው ልባስ ይሰነጠቅና ቡናው ደረጃው ይወርዳል።

አጠገቤ የምትሠራው እትዬ አየለች ነበረች። ከጌጫ የመጣች፣ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ቴፒ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት። አንድ ልማድ ነበራት። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ሲጮህባት ወዲያው አትመልስም። መዳፏን ቡናው ላይ ታሳርፋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትንፋሿን ሦስት ጊዜ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ትናገራለች።

«ባሌ ሲመታኝ እጮህ ነበር፣ አለቅስ ነበር» ብላናለች አንድ ቀን። «በኋላ ትንፋሼን መስማት ለመድኩ። ቀልቤ ሲሰበሰብ በሩ የት እንዳለ ታየኝ። ልጄን አዝዬ ወጣሁ።»

ሌሎቹም ሴቶች ከእሷ ተማሩ። ካቦው ሲሳደብ ማልቀስ ተዉ። እሱን ያበሳጨው ይህ ነው።

«አየለች! ቆመሽ ነው የምትተኚው? ፈረስ ነሽ እንዴ?» አላት አንድ ጊዜ።

ሦስት ትንፋሽ ጠበቀች። «ፈረስ ብሆንማ ጋሼ፣ ይኼኔ ረግጬህ ነበር።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። እሱ ግን ያን ሳቅ አልረሳውም፤ እንዳልረሳው ደግሞ አውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አላወቅሁም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካቦው ሦስተኛውንና አራተኛውን አልጋ ለሁለታችን ሰጠን። «ሦስተኛውን እኔ እሸፍናለሁ፤ አንቺ አራተኛውን» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። ቀትር ሲሆን እሷ የራሷን ሸፍና ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄደች። እኔ ከመጋዘኑ ጀርባ ከጓደኞቼ ጋር ሸንኮራ እየመጠጥኩ እስቅ ነበር። ስመለስ ቡናው ተሰነጣጥቋል። በእጄ ስነካው እንኳ ስንጥቁ ይሰማኝ ነበር።

ካቦው መጣ። «ማን ነው ሦስተኛው ላይ የነበረው?»

እኔ ለእሱ «ጎበዟ ተማሪ» ነበርኩ። እንደዚያ ብሎ ሲጠራኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ስም ላለማጣት ስል አፌን ከፈትኩ። «እትዬ አየለች ዓይኗን ጨፍና ቆማ አየኋት» አልኩ።

እውነት ነበር። ጠዋት እንደዚያ ቆማ አይቻታለሁ። ውሸት እንኳ አልተናገርኩም! የሴትዮዋን ብርታት፣ ከባሏ ቤት ያወጣትን ነገር አንስቼ ለሚጠላት ሰው እንደ ዱላ አቀበልኩት። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

እትዬ አየለች መዳፏን በተሰነጠቀው ቡና ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀጥ ብላ አየችኝ። «የማን ሥራ እንደነበር እሷ ታውቃለች» አለች። 

ከዚያም ጠበቀችኝ።  እንድናገር ጊዜ ሰጠችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

በዚያኑ ዕለት ካቦው አባረራት። ሁለት ወር ሳይሞላ የቤት ኪራይ አቅቷት ጌጫ ተመለሰች አሉ፤ ይመታት ወደነበረው ባሏ ቤት፣ ልጇን ይዛ። ይህን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ነው። ሰምቼ ደብተሬን ገልጬ መጻፌን ቀጠልኩ።

አሁን ሚዛን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ለሴት ተማሪዎች ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኟ ትንፋሽን ማስተዋልና ቀልብን መሰብሰብ ለሴት ልጅ ውስጣዊ ጥንካሬ ይሰጣል አለችን። «የምታውቁት ዘዴ ያለ?» ስትል እጄን አወጣሁ። መዳፍ ማሳረፍን፣ ሦስቱን ትንፋሽ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» አልኩ። እኔ! አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሏል። በራሴ እናደዳለሁ። በካቦውም እናደዳለሁ። ሥልጠናው ውሸት አይደለም፤ የሚለውን ጥንካሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ለምንድን ነው ሁሌ የምትመታዋ ሴት ብቻ እንድትረጋጋ የምትሠለጥነው? እትዬ አየለች የጎደላት ጥንካሬ አልነበረም። የጎደላት አንድ እውነት የሚናገር ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ ነበር።

ልጅ ነበርሽ ትሉኝ ይሆናል። አትበሉኝ። እትዬ አየለችን ከሥራዋ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ልጇን ወደዚያ ቤት የመለስኳት እኔ ነኝ። በብልሃቷም ያስጨበጨብኩት እኔው ነኝ።

ጌጫ ሩቅ አይደለም፣ መኪናም አለ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ሳልሳፈር ተመልሻለሁ። ስለዚህ እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። እናንተን መጠየቅ ቀላል ነው። የይቅርታውን ቃል በሯ ላይ ቆሜ ለእሷ እስክናገረው ድረስ እዚህ ልጽፈው መብት የለኝም።