በማርያም ዕለት የታጠበ ሱሪ

ጉዞ ላይ ልብስን በእጅ ማጠብን የሚያወድስ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ካለ፣ ቅቤ የነካው ሱሪ በምንጭ ውኃ አጥቦ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ይህን በድፍረት የምለው ከጻፉት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ መንገደኛ ከሁለት ቅያሪ በላይ መያዝ እንደሌለበት፣ ማታ ያጠቡትን ሸሚዝ ጠዋት መልበስ ነጻነት መሆኑን ሦስት ገጽ ሙሉ አስረድቻለሁ። በዚያ ሳምንት የእኔን ልብስ ያጠበልኝ ግን ሌላ ሰው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እህቴ ዘንድ ስሄድም የያዝኩት ሁለት ሱሪ ነው። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ስለነበር አውቶቡሳችን መካነ ሰላም ሳይደርስ ጭቃ ያዘው፤ ወርደን ስንገፋ የመጀመሪያው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ተለሰነ። ሁለተኛውን ለብሼ በማግስቱ ወደ እህቴ ቀበሌ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አፉ በጨርቅ የታሰረ የቅቤ ቅል ታቅፈዋል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ጨርቁ ተፈታ። ሴትዮዋ ቅሉን ቀና አደረጉ፤ ጭኔ ላይ ያረፈውን በጣታቸው ጠርገው ወደ ቅሉ መለሱና፣ "አይዞህ፣ ንጹሕ ነው" አሉኝ። ስለ ቅቤው ነው ያሉት።

የሄድኩት ለደቦ ነው። ታላቅ እህቴ ባሏ ሞቶባታል፤ አንድ ልጇ ሳዑዲ ነው። ገብሷ ደርሶ፣ ከመድረስም አልፎ፣ ሲነካ መርገፍ ጀምሯል። ጎረቤቱን ለጥቅምት ሃያ ሁለት ጠርታ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ወንድ በቤቴ ይኑር" ብላ ደወለችልኝ። ከሁሉ ቀን ሃያ ሁለትን ለምን እንደመረጠች ስጠይቃት በጣቷ ቆጠረችልኝ። ሃያ አንድ ማርያም ናት። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ነው። ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት፣ ቅዳሜም ነው። በማግስቱ እሑድ። ሃያ ስድስት የሌላ ሰው ደቦ ተይዟል። ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ያውም ዓመታዊው።

"ሃያ ሁለት ካለፈኝ ገብሱን የሚያጭደው ወፍና በረዶ ነው" አለች።

እዚያ የደረስኩት ሃያ ቀን ማታ ነው። በማግስቱ ጠዋት እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ስትል እኔ ባለ መስመር ፒጃማዬን ለብሼ፣ ሁለቱን ሱሪዎች በክንዴ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

"ሳሙና የት ነው?" አልኳት።

"ለምንህ?"

"ሱሪዬን ላጥብ።"

"ወንድምዓለም፣ ዛሬ ማርያም ናት። ነገ እኔ አጥብልሃለሁ።"

"ነገ ደቦ ነው። በፒጃማ ነው እንኳን ደህና መጣችሁ የምላቸው?"

"ምን አለው ፒጃማው? ወፍራም ነው።"

"እታለም፣ ማርያም የእኔን ሱሪ ስትጠብቅ አትውልም።"

"እሷማ አትጠብቅም" አለች። "ሰው ነው የሚጠብቀው።" ይህን ብላ ሄደች።

ልብ ይባልልኝ፤ ቀኑን አውቀዋለሁ። ነግራኛለች። ስለ በዓላት ብዛት ጽፌ፣ ብዙ ሰው አስቀይሜ፣ በተቀየሙት ሰዎች ብዛትም ትንሽ ኮርቼ አውቃለሁ። ሳሙናውን የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ አገኘሁትና ወደ ምንጩ ወረድኩ።

ምንጩ ዳር ማንም የለም። ደስ አለኝ። ወንድ ልብስ ሲያጥብ አይተው የሚስቁ፣ ከዚያ ደግሞ አዝነው ከእጄ የሚቀሙኝ ሴቶች የሉም፤ እኔና ሁለት ሱሪዎች ብቻ። ደስታው እጄን ውኃው ውስጥ እስክከት ቆየ። የጥቅምት ውኃ በዚያ ደጋ ውኃ አይባልም። ጣቶቼ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ አመሙኝ፣ ከዚያ መኖራቸውን ረሳሁት። ጭቃው በመጠኑ ለቀቀ። ቅቤው ግን ሳሙናውን ሲያገኝ አልሸሸም፤ ተዋወቁና ተቃቀፉ። ግራጫ ሰም የመሰለ ነገር ሆነው ሱሪዬ ላይ ተጋገሩ። በአመድ ሞከርኩ። በአሸዋ ሞከርኩ። ድንጋይ ላይ ስፈትገው ጨርቁ ሳሳ፣ ቅቤው ባለበት ቆየ። ቅቤ በሙቅ ውኃ እንደሚለቅ አውቃለሁ። ሙቅ ውኃ ለማግኘት ግን እሳት ማንደድ፣ እሳት ለማንደድ እህቴን ማስፈቀድ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ያለ ፈቃድ መሥራቴን ማሳየት ነበር የፈለግሁት።

ወገቤን ይዤ ዳገቱን ወጣሁና ሱሪዎቹን በግቢው የድንጋይ ካብ ላይ አሰጣኋቸው። ካቡ የቆመው መንገዱ ዳር ነው። መንገዱ ከቤተ ክርስቲያን ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ ያየችኝ የእህቴ ጎረቤት ናት። ሙስሊም ናት፤ ስምንት ዓመት ዓረብ አገር የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራ ተመልሳ የቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። ከካቡ ማዶ ቆማ መጀመሪያ ያየችው እድፉን ነው።

"ቅቤ ነው፣ ጋሼ?"

"ቅቤ ነው።"

"በቀዝቃዛ ውኃ?"

"በቀዝቃዛ።"

ራሷን ነቀነቀች። "እድፉም አልለቀቀ። ኃጢአቱ ብቻ ቀረብዎ።"

"ኃጢአት የለውም።"

"እሺ፣ የለውም። ያንሡት ግን። ቅዳሴ ሊወጣ ነው።"

አንድ ብልጠት መጣልኝ። "በአንቺ ገመድ ላይ ላስጣው። በአንቺ ገመድ ማርያም ምን አገባት?"

"ኧረ በአላህ" አለች፣ እጇን እያራገበች። "በረዶ ሲመጣ ይሄ የሙስሊም ገብስ ነው፣ ይሄ የክርስቲያን ነው ብሎ ይለያል? የእኔ ማሳ ከእትዬ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። እኛ እንኳ በማርያም ማጭድ አንይዝም፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ ድረስ ሊያስመቱን መጡ?"

ላነሣው እችል ነበር። ሁለት እርምጃ ነው። ነገር ግን መርሕ ያለኝ ሰው ነኝ፤ መርሕ ያለው ሰው ደግሞ እርጥብ ሱሪ ከካብ ላይ ለማንሣት ብዙ ማሰብ አለበት። ሳስብ ቅዳሴ ወጣ። ነጭ የለበሰው ሰው በሙሉ በካቡ ሥር አለፈ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። "እንደምን አደርክ" ይሉኛል፣ ዓይናቸው በትከሻዬ አልፎ ሱሪው ላይ ይቆያል፣ ሱሪው ይንጠባጠባል፣ እነሱ ይሄዳሉ። እህቴ በመጨረሻ መጣች። ሁለቱንም አነሣችና ቤት ውስጥ ከምድጃው በላይ ባለው እንጨት ላይ ሰቀለቻቸው፤ ከዚያ የማርያም ማኅበር ወደሚጠጣበት ቤት ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዓባይ በኩል ደመና ተነሣ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ያየው ጀመር። እኔም ወጣሁ። ቆሜ ሳየው አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ እንዲያልፍ። የምመኘውን ነገር ምክንያት ለራሴ ማስረዳት አልወደድኩም። አላለፈም። ሽምብራ የሚያክል በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ቆርቆሮውን ደበደበው። የእህቴን ማሳ አንድ ጥግ አጎነበሰው፤ ከላይ በኩል ያለውን የማኅበሩን አለቃ ማሳ ግን ቁመቱን ሙሉ መንገድ አውጥቶበት ሄደ።

እህቴ ተመልሳ ስትገባ ነጠላዋ እርጥብ ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠች።

"ነገ ማንም አይመጣም" አለች።

"ለምን?"

"በማርያም ልብስ ታጥቦበታል፣ እዚያ ማሳ ማጭድ አናስገባም ብለዋል።"

ተነሣሁና ስለ በረዶ አፈጣጠር ጀመርኩ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ውኃው ከላይ ሲረጋ፣ ሲከብድ ሲወርድ። በጥቅምት በረዶ መጣሉም አዲስ ነገር አለመሆኑን ጨመርኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ" አለች። "እንዳልከው ይሁን። አንተ ዓርብ ትሄዳለህ። እኔ እዚህ ነኝ። ስታመም ውኃ የሚቀዱልኝ እነሱ ናቸው። ባሌን የቀበሩልኝ እነሱ ናቸው። አንተ የደረስከው በሦስተኛው ቀን ነው።"

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ፈለግሁ። ከላይ ሱሪዎቹ ምድጃው ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ፤ አመዱ ጭስ ይላል።

"ልሂድና ላናግራቸው" አልኳት።

"ምን ልትላቸው?"

አልነገርኳት፤ አላውቅማ።

ከታች ፒጃማ ከላይ የሟቹን አማቼን ጋቢ ለብሼ ማኅበሩ ቤት ገባሁ። መደቡ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው በየእጁ አለ። ሁሉም መጀመሪያ ፒጃማውን አዩ። የማኅበሩ አለቃ፣ ገብሳቸው የተመታባቸው ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። በመንገድ ላይ ሦስት ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱ የእምነት፣ አንዱ የሳይንስ ነው፤ ሦስተኛው አሁን ትዝ አይለኝም። ሽማግሌው አንዱንም እንዳነሣ አልጠበቁኝም።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉ። "ቀኑን ታውቀው ነበር?"

አዎ ካልኩ እውነት ተናገርኩ፣ ገብሱ ይረግፋል። ዕድሜዬን ሙሉ፣ ያላወቅሁትን እንኳ አላውቅም ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ። አሁን የማውቀውን አላውቅም ልል ነው።

"አላወቅሁትም" አልኩ።

ከጥግ አንዲት ሴት፣ "መጽሐፍ ይጽፋል ሲባል ሰምቼ ነበር" አለች።

"ታዲያ?" አላት ሌላው። "ሲጽፍ ነዋ ቀኑ የጠፋበት።"

"አዲስ አበባ ሰኞና ማክሰኞ እንጂ ማርያም የለችማ።"

"ሱሪም የለም መሰለኝ።"

ሳቁ። ሳቁ በጎ ሳቅ ነበር፤ የበለጠ ያናደደኝ እሱ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። "አብሽር። ሳያውቅ ያጠበን ሰው በዓል ሻረ አንለውም። ነገ እንመጣለን። አንተ ግን ማጭድ ስለማይሆንልህ ውኃ ታመላልሳለህ።"

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ በፒጃማ ውኃ ሳመላልስ ዋልኩ። ምንጩ ያው የትናንቱ ነው። ጀሪካኑን ይዤ ዳገቱን ስወጣ አጫጆቹ ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ማሳውን እየላጩ ይወርዳሉ። ጎረቤቷም ከነወንድሞቿ መጥታ ነዶ ታስራለች። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ እኔ መጡ። በጣሳ ቀዳሁላቸው።

"እህትህ ትናንት በጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝታኝ ነበር" አሉ፣ ጠጥተው ሲያበቁ። "'ወንድሜ ሱሪ ካላጠብኩ አለኝ፣ ማርያም ናት ብዬ ከለከልኩት' አለችኝ።"

ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?"

"እህትህ ገብስ አላታ" አሉና ጣሳውን መለሱልኝ። "ደግ መልሰሃል።"

ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። ዋሽቼ አታለልኳቸው ብዬ ስብሰለሰል ነበር ያደርኩት፤ አሁን ደግሞ ያታለልኩት ሰው አልነበረም። በዚያ ቤት ውስጥ፣ ቀኑን አውቅ እንደነበር ያልገባው ሰው መኖሩን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። በሩን ከፍተው ቆመው፣ ጎንበስ ብዬ እስክገባ ጠበቁኝ። መከራከር እችል ነበር፣ ግን ከማን ጋር? "ውኃ!" ብሎ አንዱ ከታች ተጣራ። ጀሪካኑን አንሥቼ ወረድኩ።

ገብሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ታጭዶ አለቀ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ መርቆ ሄደ። እህቴ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ውኃ ጥዳ ነበር፤ ሱሪዎቹን ከእንጨቱ አወረድኳቸው። አልደረቁም። ቅቤው እንዳለ ሆኖ ጭስ ጭስ ይሸታሉ። ሳሙናውን ከስንጥቁ አወጣሁ።

"አሁንማ ሙቅ ውኃ አለ" አልኳት።

ወደ በሩ ሄደች፤ ሰማዩን አየች። "መሽቷል" አለች። "ጊዮርጊስ ገብቷል።"

"ገና ሐሙስ ነው እኮ።"

"ለአንተ ነው ሐሙስ።"

እኔም ወደ በሩ ሄድኩ። የገብሱ ክምር ከጎረቤቷ ካብ አጠገብ ቆሟል፤ ባለ ማጭዶቹ ገና በመንገዱ ላይ ናቸው፣ ድምፃቸው ይሰማል። ሳሙናውን ወደ ስንጥቁ መለስኩት። እህቴ ውኃውን ወደ ጎድጓዳው ገበታ ገልብጣ፣ "ይልቅ እግርህን ታጠብ" አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት ያንኑ ባለ ቅቤ ሱሪ ለብሼ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አየሩን አሸተተ፤ ወደ ላይ፣ ቀጥሎም ወደ መቀመጫው ሥር አየ።

"ቅቤ የጫነ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አላወቅሁም" አልኩት።