የማያስቅ፣ የማያስለቅስ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ማታ ማታ ከአያቴ ፊት ተኮልኩለን የምንቀመጠው ልንፈራ ነበር። ቤታችን ከውጫሌ በላይ፣ ከአምባሰል ተራራ ሥር ከተጠጉት መንደሮች በአንዱ ነው፤ ያኔ መብራት ስላልገባልን፣ እናቴም ኩራዙን ጋዝ ለመቆጠብ ቀድማ ስለምታጠፋው፣ የሚታየን የምድጃው ፍምና በፍሙ የቀላው የአያቴ ጢም ብቻ ነበር። አያቴ ይማም ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ ያደርግና፣ ለመስማት አንገታችንን ስናሰግግ ድንገት እንደ ጅብ ይጮሃል። እየተንጫጫን እንበተናለን፤ ወዲያው ደግሞ እየሳቅን ተመልሰን እንቀመጣለን። ለእሱ ተረት ማለት ይኸው ነበር። ሰሚው ካልጮኸ ወይም ካልሳቀ ተረቱ እንደተነገረ አይቆጥረውም።

ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። አፉን ገና አልፈታም፤ ግን አያቴ «ተረት ተረት» ካለ ከሁላችን ቀድሞ «የያም በየት!» ብሎ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል።

እናቴ ሌላ ልጅ ወልዳ አራስ ቤት በነበረችበት መስከረም፣ አባቴም ለሥራ ወደ አፋር ወርዶ ሳለ፣ አንዲት ጎረቤታችን ለአራሷ ብላ የደረቀ ሽምብራ በሰፌድ ይዛ መጣች። ኑሩ እፍኙን ሙሉ አንስቶ ወደ አፉ ከተተና ወደ ደጅ ሮጠ። መድረኩ አደናቀፈውና በደረቱ ወደቀ። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ሲነሳ አየሁት። ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ማሳል ጀመረ። ሳሉ አልቆም አለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። አያቴ እየሮጠ መጥቶ አነሳውና ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ትንፋሹ ተመለሰ፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። አየር በሳበ ቁጥር ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል።

«ይዛችሁት ሂዱ!» አለች እናቴ ጨቅላውን እንዳቀፈች፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ለመነሳት እየታገለች። «እኔን አትጠብቁ! ዘሀራ፣ አንቺ እዘይው፤ በሌላ ሰው ጀርባ ያለቅሳል።»

እውነቷን ነበር። ኑሩ ከእናታችን ቀጥሎ እሺ ብሎ የሚታዘለው በእኔ ጀርባ ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቀጭን ብሆንም እሱን ማዘል ለምጄዋለሁ። አያቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ዝናብ ያራሰውን ቁልቁለት ወረድን። ማሽላው በግራ በቀኝ ከራሳችን በላይ ቆሟል፤ ፉጨቱ ከማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። ሲሰማኝ እፈራለሁ፤ ሳይሰማኝ ሲቀር ደግሞ ይብስብኛል፣ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ። አያቴ ዞር ሳይል «አለ?» ይለኛል። «አለ» እለዋለሁ።

ውጫሌ ጤና ጣቢያ የነበረችው ሲስተር ወጣት ናት። ማዳመጫዋን ከኑሩ ደረት ላይ በግራም በቀኝም ደጋግማ አኖረችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሽምብራው ወደ ሆዱ አልወረደም። ወደ ሳንባው ነው የገባው። እኔ ጋ ማውጫ መሣሪያ የለም፤ ደሴ መድረስ አለበት።»

«እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ» አለ አያቴ።

«ስሙኝ። ዋናው ነገር እንዳያለቅስ ነው። ካለቀሰ ያስለዋል፤ ካሳለ ሽምብራው ሽቅብ ተመልሶ መተንፈሻውን ሊደፍነው ይችላል። እንዳታስቁትም። ምግብም ውሃም አይቅመስ፤ ሲያወጡለት በመድኃኒት ያስተኙታል። አታስተኙት፣ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት።»

አያቴ በጣቶቹ ቆጠረ። «አያልቅስ፣ አይሳቅ፣ አይጠጣ። የሁለት ዓመት ልጅ?»

«አዎ፣ አባባ» አለች።

አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን ሴት ሊያመጣ ሩቅ ሄዷል። ጊዜው የግሸን ንግሥ ማግስት ስለነበረ አውቶቡሶቹ ሁሉ ተሳላሚ ጭነው ሳይቆሙ ያልፋሉ። ሲስተር ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች አስፋልቱ መሃል ገብታ እጇን ዘረጋች። አንድ አውቶቡስ ሊገጫት ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ውስጡ በከበሮና በእልልታ ይናወጣል፤ ኑሩ ድምፁን ሲሰማ ተሸማቆ አንገቴ ውስጥ ተወሸቀ፤ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስተር ወደ ላይ ወጣች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ከበሮው ግን ወዲያው ዝም አለ። እሷ ወርዳ እኛ ስንገባ ሰው ሁሉ ያየናል፣ አንድም ሰው አይናገርም። ነጭ ነጠላ ያጣፋች አንዲት ትልቅ ሴት፣ በኋላ እትዬ አስካለ እንደሚሏት ሰማሁ፣ ጎኗ የተቀመጠውን ሰው አስነሥታ ቦታ ሰጠችን። ኑሩን ከፊቴ ጭኔ ላይ ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ መዳፌን ደረቱ ላይ ጣል አደረግሁ። ፉጨቱ አሁን በእጄ ይሰማኛል።

አውቶቡሱ ተነሣ። ኑሩ ግራ ተጋብቶ የማያውቃቸውን ፊቶች አየ፣ አየና አገጩ ተሸበሸበ። ልቅሶ ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ አገጩ ነው። አያቴም አወቀ። ጎንበስ አለና እንደ ልማዱ «ተረት…» ብሎ ጀመረ። ኑሩ «የላም በረት» ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ደረቱ በመዳፌ ሥር ሲነፋ ተሰማኝ። ክርኔን አያቴ ጎን ውስጥ ሰደድኩ። ገባው። ቃሉን ዋጠና እስከዚያ ጊዜ ሰምቼበት በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «አንዲት አሮጊት ነበረች» አለ።

አሮጊቷ ከአምባሰል ላይ ወደ ሐይቅ ትወርዳለች። ለምን ትወርዳለች? እግሯን ልትታጠብ። በመንገድ አህያ አገኘች። አህያዋ «እማማ፣ ወዴት ነው?» አለቻት። «እግሬን ልታጠብ።» «እኔም ልምጣ?» «ነይ።» ሄዱ። በግ አገኙ፤ በጓም ጠየቀች፤ «ነይ» አሏት። ሄዱ። አያቴን አውቀዋለሁ፤ ይህን ሁሉ እንስሳ ሰብስቦ ጅብ ሳያመጣባቸው ቀርቶ አያውቅም። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ራሱ ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ሰማሁ። «ከዚያ ከጫካው ውስጥ…» አለና ቆመ። ግንባሩ ላብ አወጣ። «ከዚያ ከጫካው ውስጥ ቢራቢሮ ወጣች» አለ። «እኔም ልምጣ?» «ነይ።» ሄዱ።

አውቶቡሱ በሙሉ ይሰማል። ሾፌሩ ቀስ ብሎ እየነዳ በመስተዋቱ ያየናል። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆሟል፤ መንገድ ላይ እጅ ለሚያነሣ ሰው እንኳ «ሞልቷል» ብሎ አይጮህም፣ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ከኋላ አንድ ሰው ሳል መጥቶበት ነጠላውን አፉ ውስጥ ሲጎስር አየሁ።

ከዚያ ኑሩ እትዬ አስካለ እግር ሥር ያለውን የጸበል ጠርሙስ አየ። «ውሃ» አለ።

ሴትየዋ ደንግጣ ጠርሙሱን በነጠላዋ ሸፈነችው። ዘግይታ ነበር። «ውሃ! ውሃ!» ፉጨቱ በመዳፌ ሥር ፈጠነ። አያቴ «አህያዋም ውሃ ጠማት» አለ ቶሎ ብሎ። «አሮጊቷ ምን አለቻት? ‹ሐይቅ እስክንደርስ ነው፤ አብሽሪ።› በጓንም ጠማት። ‹አብሽሪ።› ቢራቢሮዋንም ጠማት።» የእሱም ከንፈር ደርቆ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም፤ ድምፁ መሰንጠቅ ጀምሯል። ግን እሱ ቢጠጣ ኑሩ ያያል። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ውሃ አልጠጣም።

በመጨረሻ ድምፁ ጨርሶ ከዳው። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። ኑሩ ወደ አያቴ አየ፤ አገጩ እንደገና ተሸበሸበ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ጎንበስ አለችና «ከዚያ ድመት አገኙ፣ የኔ ሸጋ» አለች፣ ከጥንት ጀምሮ ታሪኩን እንደምታውቀው ሁሉ። «ድመቷም ‹እኔም ልምጣ?› አለች።» ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሽማግሌ ዞር ሳይል በቀስታ «ነይ» አለ። «ሄዱ» አለች እሷ።

ሐይቁ በመስኮት መታየት ሲጀምር መንገዱን በሬዎች አቋረጡትና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ኑሩ ሳለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በመዳፌ ሥር ምንም የለም። ፉጨቱ ጠፋ። አፉ ተከፍቷል፣ አየር አይገባም፤ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ተተክሏል። «አባዬ! የለም!» ብዬ ወደ አያቴ ጮህኩ።

እትዬ አስካለ ከእጄ ነጠቀችው። በክንዷ ላይ በደረቱ ደፍታ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ መታችው። «እመቤቴ!» ትላለች ስትመታው። አያቴ በደረቀ ጉሮሮው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላል። እንደገና መታችው። እንደገና። ከዚያ ያ ፉጨት፣ ቀኑን ሙሉ የጠላሁት ፉጨት፣ ተመለሰ። ሽምብራው አልወጣም፤ ወደ ነበረበት ተንሸራቶ መሆን አለበት። ቀና አድርጋ መለሰችልኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አብረን ይዘነው ቆየን። ኑሩ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም፤ ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ጣለ።

«ንዳ» አለ አያቴ ለሾፌሩ። ከዚያ ወደ ኑሩ ጆሮ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሽ ብቻ በሆነ ድምፅ፣ «ሄዱ» አለ።

ሾፌሩ ወደ መናኸሪያ አልገባም፤ ደሴ እንደደረስን ያን ሁሉ ሕዝብ እንደጫነ ሆስፒታሉ በር ድረስ ወሰደን። ስንወርድ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ አያቴን ጠራው።

«አባ፣ አሮጊቷስ? ሐይቅ ደረሰች?»

አያቴ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ምን አውቄ» አለ።

ሐኪሞቹ ኑሩን አስተኝተው በረጅም ቱቦ ሽምብራውን አወጡለት። አንዱ ሐኪም በፋሻ ላይ አድርጎ አሳየን፤ እርጥበት ስቦ አብጧል፣ ልጣጩ ተገልጧል። አያቴ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ወደ ግቢው ቧንቧ ሄዶ በሁለት እጁ እየጨለፈ ጠጣ፣ ጠጣ፤ ከዚያ ቧንቧው ሥር እንደተቀመጠ ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለና አለቀሰ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። በጎረቤታችን ስልክ ደውለን እናቴን ስናስጠራት ልንነግራት አልቻልንም፤ የሆስፒታሉ ነርስ ናት ስልኩን ተቀብላ «ደህና ነው፣ እናት፣ ደህና ነው» ያለቻት።

ኑሩ አሁን ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ ከዚያ ቀን አንድም ነገር አያስታውስም፤ ስነግረው የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ እንደሚሰማ ሆኖ ያዳምጠኛል። አያቴ ካለፈ ቆይቷል። እትዬ አስካለን ዳግም አላገኘኋትም፤ የአውቶቡሱን ሰዎች መልክ እንኳ ከአንድ ሁለቱ በቀር ረስቻለሁ፤ እነሱም መንገድ ላይ ቢያገኙኝ አያውቁኝም። ዛሬ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ እናቴን ልናይ በዚያው መንገድ ስንጓዝ እንቅልፍ ይጥላታል። ሰው ያወራል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፤ እኔ ግን መዳፌን ደረቷ ላይ ጣል አድርጌ ሌላ ነገር ነው የማዳምጠው። ይገባል፤ ይወጣል። ይገባል፤ ይወጣል።