የእንሺራህ ሲሶ

በግብፅ፣ በሶሃግ ገጠር እንሺራህን ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። እናቷ ወንድሟን ፈርጋሊን ወልዳ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ሞተች። ሕፃኑን አዝላ፣ ሌሊት ተነሥታ ወተት አሙቃ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ራሷም ገና ልጅ ነበረች። እሱ ትምህርት ቤት እንዲገባ እሷ አቋረጠች። ጠበቃ ሆኖ ጥቁር ካባ የለበሰ ዕለት ሰፈሩን በእልልታ አቀለጠችው። ደግሞ አፉ! ከተማ ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች የውርስ መብት ሲናገር ሰው ተነሥቶ ያጨበጭብለታል።

አባታቸው ሲሞቱ እንሺራህ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት በባሏ ቤተሰብ ግቢ ነበረች። የባሏ ወንድሞች ለልጃቸው ሙሽራ ክፍሏን ስለፈለጉት ልቀቂ እያሉ ነጋ ጠባ ነገር ይወረውሩባት ጀመር። ያላት ተስፋ ከአባቷ መሬት የሚደርሳት ሲሶ ብቻ ነው። ከሸንኮራው ዳር አንድ ክፍል ሠርታ፣ አንዲት ላም አስራ መኖር እንጂ ሌላ አልተመኘችም። ይህን ቁርዓኑም ይሰጣታል፤ መንግሥትም ሴትን ውርስ የከለከለ ይታሰር ብሎ ደንግጓል። የእኛ ሽማግሌዎች ግን የራሳቸው ልማድ አላቸው። ሐዘኑ ሲያልቅ ሴቲቱን አቁመው “መሬቱን ነው ወይስ ወንድምሽን?” ይላሉ። መሬቱን ያለች ወንድም የላትም።

ሽማግሌዎቹ ሊጠይቋት አንድ ቀን ሲቀረው ፈርጋሊ መጣ። እኔ እሷ ዘንድ ቁጭ ብዬ ሞሎኽያ የሚባለውን ጎመን እከትፋለሁ።

“እትዬ፣ ነገ ሲጠይቁሽ ወንድሜን በያቸው።”

“መሬቴስ?”

“እኔ እያለሁ? ለእነሱ አፍ መዝጊያ ነው እንጂ! ሰንበትበት ሲል በሕግ በስምሽ አዞርልሻለሁ። ምነው፣ አታምኚኝም?”

“አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?” ብላ ሳቀች።

እኔ አላስቻለኝም። “አንተ፣ ለምን ነገውኑ ፊት ለፊት አትነግራቸውም? ከተማ ስትሆን አፍህ አይያዝም!”

“ኡሙ ሁዳ፣ የአንቺ ምላስ ከቢላዋሽ ይብሳል” ብሎ ቀለደብኝ።

በማግስቱ ወንድሜን መርጫለሁ አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ “የአባቷ ልጅ!” እያሉ መረቋት።

ከዚያ በኋላ ፈርጋሊ ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። አንድ ጠዋት ሸንኮራው ዳር ለእሱ ቤት የሚሠሩ ግንበኞች አየንና ሮጣ ሄደችበት። “እትዬ፣ አንቺው አይደለሽ የተውሽልኝ?” አላት። ባጎረሰች ተነከሰች! እኔ ነኝ ጎትቼ ፍርድ ቤት የወሰድኳት።

ሽማግሌዎቹ በወንድምና በእህት መሃል አንገባም ብለው አንዳቸውም ሳይመጡ ቀሩ። ዳኛው “መሬቱን ለመተዋ ማስረጃ የለህም” ሲሉት በደስታ እጇን ጨመቅኩት። ፈርጋሊ ካባውን አስተካክሎ ተነሣ።

“ክቡር ዳኛ፣ ምስክር አልፈልግም፤ እሷው ትማልልኝ። በሽማግሌ ፊት መሬቱን አልተውኩም ብላ ቁርዓን ይዛ ትማልና ዛሬውኑ ትውሰደው። ይግባኝም አልልም።”

“ምን ያለ ጨዋ ወንድም ነው!” አለ ከኋላዬ አንዱ። ዞሬ ልተፋበት ምንም አልቀረኝ።

“በይ ማይ” አልኩ ጆሮዋ ሥር። “አላህ ልብሽን ያውቃል፤ የዋሸው እሱ ነው።”

እንሺራህ ግን ወንድሟን ብቻ ነበር የምታየው። እሱም ዓይኑን አልሰበረም። ለምን ይስበር? ውሸት ነውር ነው እያለች ያሳደገችው እሷ አይደለች? እንደማትዋሽ ያውቃል፤ ጥብቅናውን ሁሉ የመሠረተው በዚያ ላይ ነው።

“ብያለሁ” አለች መጽሐፉን ሳትነካ። “በይ ያለኝ ግን እሱ ነው።”

“እኔ እመሰክራለሁ! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!” ብዬ ጮህኩ።

“ተቀመጪ” አሉ ዳኛው። “ባላጋራ መሐላ ከጠየቀ በኋላ ሌላ ምስክር አይሰማም።”

ይህን ሕግ ፈርጋሊ ጠንቅቆ ያውቀዋል። እኛ ምን እናውቃለን?

ፍርዱ ለእሱ ሆነ። ስንወጣ ደጁ ላይ ደረሰብንና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ አጎንብሶ ግንባሯን ሳማት።

“እትዬ፣ ቂም አትያዢብኝ። ለዒድ ሥጋ ይዤ እመጣለሁ፤ ብቻ በርሽን እንዳትዘጊብኝ።”

“የቱን በር?” አለችው።