ባዶ የምትሠራው ራውዳ

ራውዳ ባዶ ነው የምትሠራው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ቶሮንቶ ውስጥ ለሆስፒታሎች የምርመራ መድኃኒት የሚሠራ አንድ አክሰለሬተር የሚባል፣ ጥቃቅን ቅንጣቶችን የሚያስሮጥ ማሽን አለ፤ እሷ ከማሽኑ የብረት ጓዳ ውስጥ አየሩን አንጠፍጥፋ የምታወጣ ቴክኒሻን ናት። እዚያ የሚሮጡትን ቅንጣቶች ዓይን አያያቸውም፤ ፍጥነታቸው ግን ጉድ ነው። አየር ካገኙ ከእሱ ጋር እየተላተሙ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ይህ ነገር ለእናቷ ለወይዘሮ መስቱራ አልዋጥ ብሏቸው ኖረ። ሬክስዴል ሰፈር ያሉ ጎረቤቶች ልጅሽ ምን ትሠራለች ባሏቸው ቁጥር ይጨንቃቸዋል። ሰው ባዶ እጁን እንግድነት መሄድ እንኳ ያፍራል፣ አንቺ ጭራሽ ባዶ ትሠሪያለሽ እያሉ ይተርቧታል። ራውዳም ትስቃለች።

በቀደም ግን ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ መስቱራ ጡታቸው ላይ እብጠት ተገኘ፤ ሐኪሙም ተሠራጭቶ እንደሆነ ለማየት ስካን አዘዘ። ለስካኑ የሚወጉት መድኃኒት የሚወጣው ከራውዳ ማሽን ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ስለሚከስም አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ የለም። ማሽኑ ደግሞ ለጥገና ተከፍቷል። ዘግታ፣ አየሩን አውጥታ፣ ለስካኑ ማድረስ የእሷ ድርሻ ነበር።

በስካኑ ዋዜማ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ እንደ ልማዳቸው ጥቁር አዝሙድ ዘይት ላይ ዱዓ አድርገው መዳፏን አሹላት። ሥራ ቦታ ደርሳ ጓንቷን አጠለቀች፤ መገጣጠሚያውን የሚያሽገውን የመዳብ ቀለበት አስገብታ ብሎኑን አጠበቀችና ፓምፑን አስነሣች። የግፊቱ ቁጥር ወረደ፣ ወረደና ከሚፈለገው ሳይደርስ ቀጥ አለ። መገጣጠሚያውን ሁሉ ሂሊየም ጋዝ እየነፋች ቀዳዳ ፈለገች፤ የለም። ጓዳው ውስጥ ምን እንደቀረ የሚለየው መሣሪያ ያሳያት አየር ሳይሆን ቅባት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ለእሷ ሥራ የተተረተ ይመስላል፤ የራሷን እጅ ግን አልጠረጠረችም። ግንባሯን በክንዷ ልትጠርግ ስትል ጓንቱ ጥቁር አዝሙድ ሸተታት። ለካ ስታጠልቀው ውጩን በዘይታም ጣቷ ነክታው ኖሯል።

ክው አለች። እናቷ ያደረጉት ዱዓ የራሳቸውን መድኃኒት ዘግቶ ቁጭ አለ! ሳትደብቅ ለአለቃዋ ተናገረች። ማሽኑን ከፍታ፣ በአልኮል ወልውላ፣ በአዲስ ጓንት አዲስ ቀለበት አስገብታ ዘጋች። ቁጥሩ የቆመበትን አልፎ ቁልቁል ነጎደ። ስንቴ አይታዋለች፤ አሁንም ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ከሰማይ በላይ ያለው ዓይነት ባዶነት፣ እዚህ ምድር ላይ፣ በብሎንና በጨርቅ! ሱብሃነላህ አለች፤ እንባዋም መጣ። ማታ ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻቸው።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒቱን የምትወጋቸው ነርስ ሩሃማ የምትባል አበሻ ሆና ተገኘች። ጨዋታ ለመጀመር ያህል ልጅዎት ምን ትሠራለች አለቻቸው። አጠገባቸው የቆመችው ራውዳ አቀረቀረች። ወይዘሮ መስቱራ መርፌውን ትኩር ብለው አዩት።

«ባዶ ነው የምትሠራው» አሉ ቀና ብለው። «እጄን በደንብ አጽጂልኝ ልጄ፣ ዘይት አለበት።»