በገበያ ቀን የወደቁት አባት

አምቦ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ አቅራቢያ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ አንድ አባት ነበሩን። ባለቤታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ነው ያመጣቸው። በከዘራ ብቻቸውን ይሄዱ ስለነበር የእንክብካቤ እቅዳቸው ላይ «ረዳት አያስፈልጋቸውም» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት መስኮቱ ሥር ወድቀው አገኘኋቸው። አልተሰበሩም፤ ዳሌያቸው ግን በልዟል። በቀጣዩ የገበያ ቀንም እዚያው ቦታ ደግመው ወደቁ።

ልጃቸው ተጠርቶ መጣ። «ከአልጋ ባይወርዱ ይሻላል» አለ ተጨንቆ። ኃላፊያችንም ይኸንኑ ጻፊ አለኝ። እምቢ አልኩ።

«አልጋ ላይ ካስቀረናቸው እግራቸው ይከዳቸዋል፤ ያኔ መውደቁ ይብሳል። ለምን እንደወደቁ ሳልጠይቃቸው ምንም አልጽፍም።»

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አካም ቡልታን አባባ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። «ምን ፈልገው ነበር የተነሱት?»

«በጎች።»

«የምን በጎች?»

«ወደ ገበያ የሚነዱት ናቸዋ። ድምፃቸውን ስሰማ የአገሬ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ብድግ እላለሁ። ያኔ ዓይኔ ይጨልማል።»

ልጃቸው ሐኪሙን ሊጠራ ወጣ።

ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለካ። ሲቆሙ በጣም ይወርድ ስለነበር የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ቀነሰላቸው። እኔም በዚያው ቀን እቅዱን ቀየርኩት፦ ከመነሳታቸው በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጡ፤ ሲሄዱ አንድ ሰው ክንዳቸውን ይያዝ፤ በገበያ ቀን በጎቹ ከማለፋቸው በፊት በር ላይ ወንበር ይውጣላቸው።

ኃላፊው የመጨረሻውን አንብቦ «ይሄም ሕክምና ነው?» አለኝ።

«ዋናው እሱ ነው» አልኩት። ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን በር ላይ ተቀምጠው ከጎጆ ሰዎች ጋር በኦሮምኛ ሲያወጉ ያረፍዱ ነበር። ልጃቸውም መጥቶ አብሯቸው መቀመጥ ጀመረ።

ክረምት ሲገባ እርጥብ በረንዳ ላይ አዳለጣቸው። ክንዳቸውን ይዛ የነበረችው ባልደረባዬ ደግፋ ስላስቀረቻቸው አልተጎዱም። ቢሆንም እቅዱን እንደገና ይዤ መጣሁ።

«አሁን ደግሞ ምን ልትጽፊ ነው?» አሉኝ።

«የጫማዎ ሶል አልቋል፤ ይቀየር ልል ነው።»

«ጻፊ» አሉ እግራቸውን ዘርግተው። «አርባ ሁለት ነው ቁጥሬ። ጥቁር ይሁን።»